አዲስ ላፕቶፕ፣ አሮጌ ዊንዶውስ

«ዊንዶውስ 7 ጫንልኝ!» ሐዋሳ ባሉ የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ይህ ጥያቄ ዛሬም አልቀረም፤ ለዚያውም ከካርቶኑ ገና ለወጣ ላፕቶፕ።

ጠያቂው ሞኝ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ የተያዘው በአሮጌ ፒችትሪ ነው፤ አዲስ ሶፍትዌር ልግዛ ቢል ደግሞ ዶላር ይጠየቃል።

ማሽኑ ግን አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ዩኤስቢ 3ን አያውቅም፤ ገና በመጫን ላይ ሳለ ኪቦርድና ማውዝ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ማይክሮሶፍትም ከኢንቴል 7ኛ ትውልድ ጀምሮ ላሉት ፕሮሰሰሮች በዊንዶውስ 7 ድጋፍ አይሰጥም። ድራይቨር ተለቃቅሞ ቢጫን እንኳ፣ መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ ጥር 2012 ዓ.ም. ላይ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የተጫነባቸው ነበሩ።

መላ አለው። ላፕቶፑ በአዲሱ ዊንዶውስ ይቆይ፤ አሮጌው በውስጡ በቨርቹዋል ማሽን፣ ከኢንተርኔት ተለይቶ ይሥራ። ይህም ቢሆን ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ለላፕቶፕ በጀት የሚይዝ ኃላፊ ለሶፍትዌሩም ይያዝ። የሠራተኛ ደመወዝና የደንበኛ መረጃ ያለበትን ማሽን በሩን ከፍቶ መተው ቁጠባ አይባልም።