የእንጦጦ ቁልቁለትና የሃይብሪድ ካምቢዮ

መኪና ነዳጅ የሚፈጀው ዳገት ላይ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ የሚባክነው ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ ከፍታው 500 ሜትር ያህል ይጨምራል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ሲወጣ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይዞ ነው ጫፍ የሚደርሰው። ተራ መኪና ሲመለስ አብዛኛውን በፍሬን ሸራው ላይ አቃጥሎ ይጨርሰዋል።

ነዳጅንና ኤሌክትሪክን የሚያጣምረው ሃይብሪድ ግን ሲወርድ ጎማው የኤሌክትሪክ ሞተሩን እያዞረ ባትሪውን ስለሚሞላ ከዚህ ጉልበት የተወሰነውን ያስቀራል፤ ምስጢሩም ካምቢዮው ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የቶዮታ ፕሪየስ ማርሽ አይቀያይርም፣ የሚረገጥ ፍሪሲዮንም የለውም። በአንድ የጥርስ ስብስብ የነዳጅ ሞተሩን፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችንና ጎማውን ያገናኛል። ስለዚህ የነዳጅ ሞተሩ ለጎማው ፍጥነት ሳይገዛ በሚቆጥብበት ዙር ይሠራል፤ መጨናነቅ ውስጥም ይጠፋል። እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር አቅሙ በእጅጉ ይወርዳል፤ የኤሌክትሪኩ ግን አይደክምም።

የሚያሳስበኝ ሾፌሩ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ቁልቁለት መልቀቅ የቆየ ልማድ ነው። ለማንኛውም መኪና አደገኛ ነው፤ ሃይብሪድ ላይ ደግሞ ኪሳራ ነው፣ ዜሮ ላይ ባትሪው አይሞላምና። ካምቢዮው በ«ዲ» ሆኖ ፍሬኑን ቀደም ብሎ በዝግታ መያዝ ይሻላል። የብዙዎቹ የቀደሙት ፕሪየሶች ባትሪ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ለዕድሜውም ሲባል ከፊሉ ብቻ ይሠራበታል። እንዲህ ያለው ባትሪ ሽሮ ሜዳ ሳይደርስ ይሞላል። ያኔ «ቢ» ማስገባት ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ ሳይወስድ እየዞረ መኪናውን ይይዘዋል፣ ፍሬኑም አይግልም።

የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል። ባትሪያቸው ትልቅ ስለሆነ ከቁልቁለቱ የሚገኘውን ይበልጥ መቀበል ይችላሉ፤ ለዚህች ተራራማ ከተማ እኔ የምመርጠው እነሱን ነው። ነገር ግን ላይኛው ሰፈር የሚኖር ሰው ሌሊቱን ጢም አድርጎ ሞልቶ ከወረደ መቀበያ ቦታ አይኖረውም፤ ትንሽ ያጉድል።

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ይህን ከክላሱ ባሻገር ቁልቁለት ላይ ወስደው ያሳዩ። ሃይብሪድ የሚገዛም ሰው ስለ ኪሎሜትሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ካምቢዮውና ስለ ባትሪው ጤንነት ይጠይቅ።