ደጅ የሌለው ደጅ ጥናት

በቀድሞው ዘመን ሹመት ወይም ሥራ የሚፈልግ ሰው በጌታው በር ቆሞ ደጅ ይጠና ነበር። ክረምትና በጋ እየተፈራረቁበት፥ ስንቁ እያለቀበት፥ እግሩ እየዛለ ይቆም ነበርና የደጅ ጥናትን መከራ አባቶቻችን አሳምረው ያውቁታል። ቢሆንም ያ ደጅ ጠኚ የሚቆምበት በር ነበረው፤ በበሩም ላይ አጋፋሪ ነበረ፤ አጋፋሪውም ክፉ ቢሆን እንኳ ፊቱ ይታያል፥ ድምፁ ይሰማል። «ዛሬ አይሆንም፥ ነገ ተመለስ» ቢለው ነገ ይመለሳል፤ «አትድከም፥ ነገሩ ለሌላ ሆኗል» ቢለው ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይሄዳል። በኢንተርኔት ሥራ የሚፈልገው የዛሬው ልጃችን ግን የሚቆምበት በር የለውም፤ የሚያናግረው አጋፋሪም የለውም። ደጁ ጠፍቶ ጥናቱ ብቻ ቀርቶለታል።

ነገሩን ያልሞከረ አንባቢ ቢኖር አካሄዱ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የታዘዘውንም የመውጫ ፈተና አልፎ የወጣ ወጣት፥ ጠዋት ሲነሣ ስልኩን ከፍቶ በቴሌግራም የሚወጡትን የሥራ ማስታወቂያዎች ያነባል። ከብዙው መካከል አንዱ ለእርሱ የሚሆን መስሎ ሲታየው ሲቪ የሚሉትን የሕይወት ታሪኩንና የትምህርት ማስረጃውን ይልካል። ልኮም ሲያበቃ በዚያው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሁሉ፥ ስሙን፥ የትውልድ ዘመኑን፥ የተማረበትን ትምህርት ቤት፥ እንደ ገና በየሣጥኑ ለቅሞ እንዲሞላ ይታዘዛል። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ኔትወርኩ ይቋረጥና ከ«ሀ» ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ገንዘብ ተከፍሎበት በተገዛ የኢንተርኔት ጥቅል ነው፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የእናቱ ነው እንጂ የእርሱ አይደለም። ከዚህ በኋላ ዝም ነው። ሳምንት ዝም፥ ወር ዝም። ሥራው ለሌላ ተሰጥቶ፥ ያም ሰው ደመወዝ መቀበል ከጀመረ በኋላ እንኳ ለዚህ ልጅ «አልሆነም» የሚለው የለም።

እኔ የምጣላው ከዚህ ዝምታ ጋር ነው። ሰው በዝቶ ሥራ ባነሰበት አገር አንዱ ሲያገኝ ብዙዎች ማጣታቸው አይቀርም፤ ይህንንም ወጣቱ ራሱ ያውቀዋል። መከልከል አንድ ነገር ነው፤ እንዳልተፈጠሩ መቈጠር ግን ሌላ ነው። በቆሎ ተማሪነት ያለፉ አንባቢዎቼ ያስታውሱታል፤ አኮፋዳችንን አንግተን በየመንደሩ ስንለምን፥ የሚሰጠው የሌለው ቤት እንኳ ከውስጥ ሆኖ «እግዜር ይስጥህ» ይለን ነበር። ያችን ቃል ሰምተን ወደሚቀጥለው ቤት እናልፋለን እንጂ ፀሐይ እስክትጠልቅ በባዶ በር አንቆምም። (ውሻ ቢለቀቅብንም እንኳ መልሱ ታውቋል!) ድኻይቱ ባልቴት ለማታውቀው ተማሪ ያልነፈገችውን ቃል ባለ ፎቁ መሥሪያ ቤት ለባለ ዲግሪው ይነፍገዋል።

«አመልካቹ ሺሕ ነው፤ ለሺሕ ሰው መልስ መጻፍ እንዴት ይቻላል?» የሚሉ ቀጣሪዎች አሉ። ይህ ነገር ደብዳቤ በእጅ እየተጻፈ በቴምብር ሲላክ በነበረበት ጊዜ ቢነገር እሺ ባልን ነበር። ዛሬ ግን ሺሑን ማመልከቻ በአንድ ሌሊት የተቀበለው መሣሪያ ሺሑን መልስ በአንድ ጣት ንክኪ ይልካል። የሰነፈው ሰው ነው እንጂ መሣሪያው አይደለም። በአንዳንዱ መሥሪያ ቤትማ ማመልከቻውን አስቀድሞ የሚያነበው ሰው ሳይሆን፥ የተወሰኑ ቃላት በውስጡ መኖራቸውን የሚፈትሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ማስታወቂያው «የሒሳብ ሠራተኛ» ብሎ ሳለ ልጁ «አካውንታንት» ብሎ ቢጽፍ፥ የማንም ዓይን ሳያየው ሊቀር ይችላል።

የማስታወቂያዎቹም ቋንቋ ለብቻው ወቀሳ ይገባዋል። ሥራው በአማርኛ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የጀማሪ ሥራ ነው ተብሎ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠየቃል፤ «ዜሮ ዓመት» የሚል የተገኘ እንደ ሆነ ወጣቱ ሁሉ እንደ ሠርግ ቤት ይጎርፍበታል። «ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚለውን ደግሞ ቅኔ ያልቈጠረም ሰው ይፈታዋል፤ ሰሙ ስምምነት ነው፥ ወርቁ «የሰጠንህን ተቀበል» ማለት ነው። ሸማኔ ጠርቶ የድካሙን ዋጋ የማይናገር ሰው ጋቢ ለብሶ አያውቅም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሚቀጠረው ሰው አስቀድሞ ተመርጦ ሳለ ለደንቡ ያህል ብቻ የሚወጣው ማስታወቂያ ነው፤ በዚያ የሚወዳደሩት ሁሉ ለሌላው ሰው ቅጥር ምስክር እንዲሆኑ የተጠሩ ናቸውና።

የቀድሞው ይሻል ነበር ለማለት አልቸኩልም። ማስታወቂያ በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ጋዜጣ ይታደን በነበረበት ጊዜ፥ መግዣ ያጣው ሥራ ፈላጊ በአራት ኪሎ መንገድ ዳር ተቀምጦ ጋዜጣውን በኪራይ ያነብ ነበር፤ ገጠር ያለው ልጅ ግን ያንኑም አያገኝም። ዛሬ የደብረ ማርቆሱም የአዲስ አበባውም እኩል ያዩታል ይባላል። ኔትወርክ ሲኖር እውነት ነው። ነገር ግን ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ጦርነቱ ሳለ በትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም ሲጠፋ፥ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፥ «በኢንተርኔት ብቻ አመልክቱ» የሚለው ማስታወቂያ አልቀረም ነበር። ማመልከቻ በወረቀትም በፖስታም ይግባ ብንል ስለዚህ ነው።

በዚህ ችግር ላይ ሌቦች ሰፍረውበታል። «ሥራ ተገኝቶልሃል፤ ለመመዝገቢያ ይህን ያህል ብር በቴሌ ብር ላክ» ይላሉ፤ ብሩ ሲላክ ሥራውም ሰውየውም ይጠፋል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው 181ኛው ስምምነት የግል ሥራ አገናኞች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ዋጋ እንዳይቀበሉ በመሠረቱ ይከለክላል፤ ኢትዮጵያም በ1999 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች። እንግዲህ ሳይቀጥር ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ብር ብቻ ሳይሆን የመታወቂያና የዲግሪ ቅጂም ሊላክለት አይገባም።

ልጆቼ ሆይ፥ ለእናንተ የምለው ጥቂት ነው። ስለ እናንተ ምንም የማያውቅ መሥሪያ ቤት ዝም ቢል በእናንተ ላይ ፍርድ አልሰጠም። ቀኑን ሙሉ ስልክ አትጠብቁ፤ ለፍለጋው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ያህል መድቡና የቀረውን ጊዜ እጃችሁ በሚያውቀው ሥራ ላይ አውሉት። የላካችሁበትን ቀንና የመሥሪያ ቤቱን ስም በደብተር ጻፉ፤ ሁለት ሳምንት ሲያልፍ አንድ ጊዜ ጠይቁ፤ ካልመለሱም ስሙን ሰርዛችሁ እለፉ። የማስታወቂያውን ቃል እንዳለ በማመልከቻችሁ ውስጥ አግቡት። ሦስት አራት ሆናችሁ ፈልጉ፤ የጥቅሉን ዋጋ ትካፈላላችሁ፥ ማጭበርበሩንም አንዱ ባያየው ሌላው ያየዋል። በእግር የሚደረስበትን መሥሪያ ቤት በእግራችሁ ድረሱበት።

ብርቱው ነገሬ ግን ከወላጆች ጋር ነው። ማታ ልጁ ከስልኩ ቀና ሲል «የጎረቤት ልጅ ተቀጥሮ የለም ወይ፤ አንተ ምን ጎደለህ?» የሚሉ አባቶች አሉ። የማያውቀው መሥሪያ ቤት ቀን በዝምታ የመታውን ልጅ እነርሱ ማታ በቃል ይደግሙታል። ስልኩን ይዞ የሚውለው ሲጫወት የሚመስላቸውም አሉ። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጠው አንዱን ማመልከቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲሞላ ይመልከቱት፤ ከዚያ በኋላ ይናገሩ።

ከዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከል ሰው የሚቀጥሩ፥ በቦርድ የተቀመጡ፥ የመሥሪያ ቤት አለቆች የሆኑ ይኖራሉ። የምንለምናቸው ገንዘብ አይደለም። ደመወዙን ይጻፉ፤ ማመልከቻ የሚዘጋበትን ብቻ ሳይሆን መልስ የሚሰጥበትንም ቀን ይጻፉ፤ ቀኑም ሲደርስ «ማመልከቻዎ ደርሶናል፤ ሥራው ለሌላ ተሰጥቷል» ይበሉ። አምስት ቃል ነው። ልጁ ያን ሌሊት ቢያዝንም ይተኛል፤ ጠዋትም ተነሥቶ ወደ ሌላ በር ይሄዳል።