አጥር ይጠብቅ እንጂ አይጉዳ

ደባርቅና ዳባት ውስጥ ግቢን በእሾህ ሽቦ ማጠር የባለቤቱ ምርጫ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የንብረት ባለቤት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ወይም ሁከት እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ሌላውን ሰው ያልተለመደ አደጋ ላይ የጣለውንም ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የጎደለው ይህን መርህ ወደ ሜትርና ወደ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ የሚያወርድ የከተማና የወረዳ ደንብ ነው። በእግረኛ መንገድ ዳር እሾህ ሽቦ ከሰው ቁመት በታች መወጠር የለበትም። የኤሌክትሪክ አጥርም ኃይሉን መጥኖ በቅጽበት እየቆራረጠ በሚልክ መሣሪያ ብቻ ይፈቀድ፤ 220 ቮልቱን በቀጥታ ከሽቦ ጋር ማገናኘት ግን ወጥመድ እንጂ አጥር አይደለም፤ ሌባና ሕፃን አይለይም።

«ሌባውንስ፣ ገብስ የሚፈጀውን ጭላዳስ ምን እናድርገው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የገበሬው ኪሳራም እውነተኛ ነው። ሆኖም ገደል ላይ የሚያድር እንስሳ በሽቦ አይገታም፤ ሽቦው የሚያቆስለው ይበልጥ ከብቱንና እረኛውን ነው። ጭላዳው የሚኖርበት የስሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ይህን ድል ለማቆየት የድንጋይ ካብ፣ የተደራጀ ጥበቃና ለጠፋ ሰብል የሚከፈል ካሳ ከሽቦ ይሻላሉ። ደንቡ ወጪ ያስከትላል ቢባልም፣ ከአንድ ሕይወት ግን አይበልጥም።