የወረዳ ተመራጫችሁ ማን ይባላል?

እስቲ ሻይ ቡና ስትሉ አብሯችሁ ከተቀመጠው ሰው አንዱን ፈትኑት። ስለ አሜሪካ ምርጫ ጠይቁት፤ ፔንሲልቫኒያ ለምን ወሳኝ እንደሆነች ጣቱን እየቆጠረ ያስረዳችኋል። የአርሴናልን አሰላለፍማ ተዉት፣ ተቀያሪዎቹን ሳይቀር በቃሉ ይወጣዋል። ቀጥላችሁ «የወረዳህ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ማን ይባላል?» በሉት። መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ «ወረዳ ደግሞ ምክር ቤት አለው እንዴ?» ይላል። ይሄ እንግዲህ ዲግሪ ያለው ሰው ነው።

እኔ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። መምህር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ ሳይቀር። በትክክል የመለሰልኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም አፈ ጉባኤዋ የአክስቱ ልጅ ሆና ነው።

የሩቁን ባናውቅ ማን ይፈርድብን ነበር? የማናውቀው ግን የቅርቡን ነው። የልደት ካርድ ወረዳ ነው። መታወቂያ ወረዳ ነው። ያላገባ ማስረጃ፣ ጋብቻ፣ መሸኛ፣ መጨረሻ ላይም የሞት ምዝገባ ወረዳ ነው። (አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ ከተቀየረ ቆየ፤ ሰዉ ግን እስከ ዛሬ «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው።) ከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ የወረዳው ክንድ ይረዝማል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትልልቆቹ ክልሎች ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተቀበሉ ያስተዳድራሉ። የአስተማሪው፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ የሚወጣው ከዚያ ነው። አብዛኛው በጀት ለደመወዝ ይሄድና ለጠመኔ፣ ለመድኃኒት፣ ለሞተር ሳይክል ነዳጅ የምትተርፈው ቁራሽ ናት። ቁራሿ ለየቱ ትዋል ብሎ የሚወስነው፣ በጀቱን የሚያጸድቀው፣ አስተዳዳሪውንም ጠርቶ የሚጠይቀው፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ፣ የወረዳው ምክር ቤት ነው። የልጃችሁ ክፍል ጣሪያ ለምን እንደሚያፈስ አራት ኪሎ ያለው ፓርላማ ከየት ያውቃል?

እኛ ግን ምርጫ ሲባል የሚታየን አራት ኪሎ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ምርጫ አናውቅም እንዳልል ደግሞ እድራችን አለ። የእድር ዳኛ ሲመረጥ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ገንዘብ ያዡ የአንድ ድንኳን ኪራይ ደረሰኝ ቢጎድልበት እማማ እንትና ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ወንድሜ፣ ይቺ የሙት ገንዘብ ናት» ይሉታል። በስብሰባ ያልተገኘ ይቀጣል። ዳኛው ዘመኑ አልቆ «እስቲ ትንሽ ልቆይ» ቢል ይቅርታ የሚያደርግለት የለም። እኒያው እማማ፣ እኒያው ጋሼ፣ ወረዳ ሲደርሱ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ወረፋ ይይዛሉ። እድሩ የእነሱ ነው፤ ወረዳው የመንግሥት ነው።

አሁን ቀን እንቁጠር። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የተመረጡት የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች የ5 ዓመት ዘመናቸው በ2010 ዓ.ም. አለቀ። ፓርላማው ምርጫውን አራዘመው። በ2011 ዓ.ም. ደገመው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና ሁሉም ምርጫ ቆመ፤ እሺ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አገራዊው ምርጫ ሲደረግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ። የወረዳና የቀበሌው ግን በዚያ ቀን አልነበረበትም። አገራዊው ምርጫ በተራዘመ ጊዜ ሕገ መንግሥት ይተርጎም አይተርጎም ተብሎ አገር ተናውጧል፣ ምሁር ሁሉ በቴሌቪዥን ተሟግቷል። ለወረዳው መራዘም ማን ጮኸ? የትኛው ጋዜጣ ነው የፊት ገጹን ያዋለለት? አንድ ምክር ቤት ዘመኑ ሲያልፍ መራጩ ካልነቃ፣ ድሮስ ዘመኑን ማን ይቆጥርለት ነበር?

ይህ ዝምታ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ይህን ክጄ ሕዝቡን ብቻ ብወቅስ ግፍ ይሆናል። ቀበሌ የተወለደው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ 47 ሲወረስ። ወራዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች በእጁ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ ጠመንጃና እስር ቤትም ተጨመረለት። የቀይ ሽብርን ዘመን ያየ ወላጅ ልጁን «ከቀበሌ ጋር አትነካካ» ብሎ ቢያሳድግ አይፈረድበትም። ችግሩ፣ ምክሩ ዘመኑ ካለፈ በኋላም እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ ነው።

ኢሕአዴግ ደግሞ ይህን ፍርሃት አልሰበረውም፤ ተመቻቸበት እንጂ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ከደነገጠ በኋላ ምን እንዳደረገ አስታውሱ። ቀድሞ 15 ገደማ የነበረው የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ ተደረገ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ሕዝብ በብዛት ይወከል ማለት ነዋ! በሥራ ሲታይ ግን በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ምርጫ መቀመጫው በመላ አገሪቱ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ይህን ያህል እጩ ማቅረብ የሚችል ፓርቲ በአገሩ አንድ ብቻ ነበር። ኅብረትም ሌሎችም «እጩዎቻችን ተዋከቡ፣ እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ» ብለው ወጡ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከመቶ 99 በላዩን ወሰዱ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 33 ፓርቲዎች ገና ከበሩ ተመለሱ።

የተቃዋሚዎቹ ምክንያት ከንቱ አልነበረም። ግን አንድ ነገር ልናገር፣ ቅር የሚለው ቅር ይበለው፤ ብዙዎቹ ፓርቲዎቻችን ወረዳን ንቀውታል። ቢሯቸው አዲስ አበባ፣ መግለጫቸው አዲስ አበባ፣ ጠባቸውም አዲስ አበባ ነው። ስለ ቦኖ ውኃ ሰዓት፣ ስለ ሸማቾች ሱቅ ዘይት የሚናገር የፓርቲ መሪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው ሠፈሩ ውስጥ ቱቦ ያላስጠረገ ሆኖ አባይን ላስተዳድር ሲለኝ እኔ ግራ ይገባኛል።

ወደ ምዝገባው ልምጣ። ከዚህ በፊት ካርድ ያወጣ ሰው ለምን እንዳወጣ በሐቅ ቢጠየቅ፣ «ኋላ ጉዳይ ሲኖረኝ ካርድ አውጥተሃል ወይ እንዳይሉኝ» የሚለው ጥቂት አይሆንም። እኔ ራሴ ከጎረቤቶቼ ደጋግሜ የሰማሁት ይህንኑ ነው። መራጭ ሆነን ሳይሆን ባለጉዳይ ሆነን ነው የተመዘገብነው። ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፣ እንደ ውኃና መብራት ደረሰኝ፣ ምናልባት ቢጠየቅ ተብሎ።

መመዝገብ የፈለገውም ቢሆን መንገዱ አልጋ በአልጋ አይደለም። የምርጫ ሕጉ፣ አዋጅ 1162/2011፣ መራጩ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ለ6 ወር የኖረ ይሁን ይላል። ሲታይ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ የሚኖረውን ወጣት ግን አስቡት። መታወቂያው የመጣበት አገር ነው፣ ወይም ከሦስት ሠፈር በፊት የነበረበት ወረዳ። መሸኛ አምጣ ይባላል። መሸኛውን ቢያመጣ አከራዩ «በእኔ ቤት ቁጥር መታወቂያ አይወጣም» ይላሉ፤ ነገ ቤቱን ይገባኛል ይለኛል ብለው ይሰጋሉ። ኮንዶሚኒየም የደረሰውም ቢሆን ቦሌ አራብሳ እየኖረ መታወቂያው አራት ኪሎ የቀረ ስንት አለ! አገራዊ ምርጫ ከሆነ የትም መረጠ የት ድምፁ አንድ ቦታ ይደርሳል እንበል። የወረዳ ምርጫ ግን ትርጉም የሚኖረው በምትኖሩበት ወረዳ ነው። የማትረግጡትን መንገድ የሚያስጠርግ ሰው መርጣችሁ ምን ልታተርፉ?

ስለዚህ ምርጫ ቦርድም ወረዳዎችም ስለ ተከራይ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ሊነግሩን ይገባል፤ አከራዩን ሳያስፈራ ተከራዩን የሚያስመዘግብ። ይህ የሚጠናው ደግሞ ምርጫው በታወጀ ማግስት ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። እኛም መሸኛችንን የምናመጣው በምዝገባው የመጨረሻ ቀን መሆን የለበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 በማናቸውም የመንግሥት ደረጃ በየጊዜው በሚካሄድ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት አለን ይላል። ማናቸውም ሲል ቀበሌንም ይጨምራል። «በየጊዜው» የምትለዋን ቃልም ዘልላችሁ አትለፏት።

እስከዚያው ወረዳ ጉዳይ ሲገጥማችሁ፣ ወረፋ ላይ ከምትቆዝሙ፣ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፤ «ይህ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጠው መቼ ነው? የእኛን ሠፈር የወከለውስ ማን ነው?» በሉ። እኔ አንድ ወረዳ ገብቼ ጠይቄያለሁ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ በክብር ተቀበለችኝ። ኮምፒውተሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ኮምፒውተሩን አየችው። «ጋሼ፣ ዛሬ ሲስተም የለም። ሰኞ ብቅ ይበሉ» አለችኝ።