የቅጥቅጡ የፊት እግርና የባለንብረቱ ሒሳብ

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወደ ደጀን፣ ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚነጉደው ቅጥቅጥ በሻንሲው የጭነት መኪና፣ በሥራው አውቶቡስ፣ በሊብሬው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ ጠቅላላ ጥሪት ነው። ባለንብረቱ ሞተሩን ያዳምጣል፣ ወንበሩን ያለብሳል፣ ቀለሙን ያሳድሳል። የፊት እግሩን የሚያስታውሰው ግን መሪው በሾፌሩ እጅ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው አንድ ነው፦ ጋራዥ ላስገባው ወይስ ራሴ ልፍታው?

ራሴ ልፍታው ብሎ ክሪክ የሚያነሳ ባለንብረት በጎጃም ደጋ ብርቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲሰማ "ስስት ነው" ወይም "አለማወቅ ነው" ብሎ ይደመድማል። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። በራስ እጅ መጠገን በደብረ ማርቆስ ገበያ በቂ ኢኮኖሚያዊ ምክንያት አለው። ስህተቱ ያለው ቁልፍ በመጨበጡ ላይ ሳይሆን ባለንብረቱ ወጪና ገቢውን በሚያሰላበት መንገድ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ዕቃውን እንወቀው። ቅጥቅጥ ማለት ስሙ እንደሚናገረው በአገር ቤት ባትላሜራ ተቀጥቅጦ የተሠራ አካል በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተጫነበት አውቶቡስ ነው። ሻንሲው በአብዛኛው የአይሱዙ ኤን.ፒ.አር. ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የትራንስፖርቱ ገበያ ከቀጠና አሠራር ሲላቀቅ የግል ባለንብረቱ አቅሙ የፈቀደለትን መኪና እየገዛ ወደ መስመር ገባ። በፋብሪካ የተሠራ አውቶቡስ ዋጋው ለማይደፈርበት ሰው ቅጥቅጥ ትልቅ መፍትሔ ሆኖለታል። ነገር ግን ጃፓኖቹ ይህን ሻንሲ ሲነድፉ ያሰቡት ሰው አሰልፎ፣ በፖርቶመጋላው ላይ የጤፍ ጆንያና በግ ጭኖ፣ የዓባይን ሸለቆ የሚወርድ ተሽከርካሪ አልነበረም። የብረት አካሉ፣ ወንበሩና ጣሪያ ላይ የሚወጣው ጭነት የመኪናውን ሚዛን ከፍ ያደርጉታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይዘነበላል፤ የሚሸከመውም የፊት እግሩ ነው።

ያ የፊት እግር በአሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። አንድ ወጥ የብረት አክስል አለ፤ በባሌስትራ ተንጠልጥሏል። በአክስሉ ሁለት ጫፎች ኪንግ ፒን የሚባለው ወፍራም ፒን ይገባል፤ ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞረው በዚህ ፒን ዙሪያ ነው። ፒኑ ከብረቱ ጋር እንዳይፋተግ ቦኮላ ይለብሳል፤ ቦኮላው ደግሞ ግሪስ ይጠጣል። ከዚያ የመሪ ዘንጎቹና ጫፎቻቸው አሉ፤ በጎማው ውስጥ ደግሞ ኩሽኔታዎቹ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህ ቀላልነቱ ነው ባለንብረቱን "ምን ያቅተኛል?" የሚያሰኘው።

የመንገዱ ነገር ሲታይ የፊት እግሩ ቶሎ ማለቁ አያስገርምም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መኪናው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመርቆ ወንዙን መሻገር ቀሏል፤ የሸለቆው መሬት ግን ዛሬም እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጎብጠዋል። ከሸለቆው ወጥቶ ደጋው ሲደረስ ደግሞ ዋልካው ይጠብቃል። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈው መንገድም አብሮት ይነሳል፣ ይወርዳል። ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ወረዳዎቹ በጠጠር የሚሄዱት ቅጥቅጦች ክረምት ከበጋ ጭቃና አቧራ ሲያጠቡ ይከርማሉ። ጭቃና አቧራ ከግሪስ ጋር ሲቀላቀል ቦኮላውን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

አሁን ወደ ገበያው እንምጣ። የአይሱዙ መለዋወጫ ዋናው ገበያ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ዕቃ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲዘል የነበረውን ድንጋጤ የሚያስታውሱ ነጋዴዎች ዛሬም በተራው ውስጥ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። በዚህ ላይ ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ ግጭቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃም ሜካኒክም ባሉበት ይቀራሉ። እንግዲህ ባለንብረቱ ራሱ ልፍታው ቢል ምን ይገርማል?

ሒሳቡን እንሥራው። አሃዞቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ጥናት ውጤት አይደሉም። መኪናው ከነዳጅና ከሾፌር ተርፎ በቀን 5,000 ብር ያስገባል እንበል። ጋራዥ ለፊት እግር ሥራ 6,000 ብር የእጅ ዋጋ ይጠይቃል፤ ሥራውንም በሁለት ቀን ይጨርሳል። ባለንብረቱ ራሱ ከረዳቱ ጋር ቢሠራው የእጅ ዋጋ የለም፤ ነገር ግን አራት ቀን ይፈጅበታል። ባለንብረቱ "6,000 ብር አተረፍኩ" ይላል። እውነቱ ግን ጋራዡ ከቆመበት ሁለት ቀን ጋር 16,000 ብር ሲያስወጣው፣ የራሱ እጅ በቆመበት አራት ቀን 20,000 ብር አስወጥቶታል። 6,000 አተረፍኩ ያለው ሰው 4,000 ከስሯል። የቆመ መኪና ደረሰኝ ስለማይሰጥ ኪሳራው አይታይም።

ይሁንና ጋራዡ ወረፋ ካለውና መኪናው ሦስት ቀን በር ላይ ከጠበቀ ሒሳቡ ይገለበጣል። ያን ጊዜ ጋራዡ 31,000 ብር ያስወጣል፤ የራስ እጅ በ20,000 ይረታል። ስለዚህ ክርክሩ "ባለሙያ ይበልጣል ወይስ ባለንብረት?" የሚል አይደለም። መኪናው ስንት ቀን ይቆማል? የሚል ነው። ይህን ያልጠየቀ ባለንብረት በየትኛውም መንገድ ቢሄድ በግምት ይሄዳል።

ከሁሉም በላይ የሚያተርፈው የጥገና ዓይነት ደግሞ ቀን የማያስቆመው ነው። ይህን ሥራ ባለንብረቱ ለማንም ባይሰጥ ይመረጣል። እሑድ ጠዋት አክስሉን በክሪክ አንስቶ፣ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ አስገብቶ (ክሪክን አምኖ መኪና ሥር የገባ ሰው ነገር በየጋራዡ የሚወራ ነው)፣ ጎማው ከመሬት እንደተነሳ ግሪስ ማስገባት። አሮጌው ጥቁር ግሪስ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ድረስ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ግሪስ የሚሞላ ሰው ክብደቱ የተጫነበትን ፊት ሳያደርሰው ይቀራል፤ ልፋቱ ግማሽ ነው።

እግረ መንገዱን ምርመራም ያድርግ። የተነሳውን ጎማ ከላይና ከታች ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መነቅነቅ ነው። ከተወዛወዘ ረዳቱ ፍሬን ረግጦ እንዲይዝ ያድርግና እንደገና ይነቅንቀው። ፍሬን ሲያዝ ውዝዋዜው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ የኪንግ ፒን ነው። ይህች ሙከራ አምስት ሳንቲም አታስወጣም፤ ብዙ ባለንብረት ግን ኩሽኔታው ላልቶ ሳለ ሙሉ የኪንግ ፒን ዕቃ ገዝቶ ይመጣል፤ ሻጭም አይከለክለውም። ኩሽኔታ አጥቦ ግሪስ ቀይሮ በልኩ ማጥበቅ፣ የባሌስትራ ቡሎን ማጥበቅ፣ የተሰበረ የባሌስትራ ቅጠል መለወጥ፣ የጎማዎቹን የፊትና የኋላ ርቀት በሜትር ለክቶ ማነጻጸር፣ እነዚህ ሁሉ በባለንብረቱ እጅ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

ድንበሩ የሚጀምረው ኪንግ ፒኑ መውጣት ሲኖርበት ነው። የዛገ ፒን በመዶሻ ተደብድቦ ሲወጣ አክስሉን ይዞት ሊሄድ ይችላል። አዲሱ ቦኮላም ገብቶ አያበቃም፤ በልኩ መሞረድ አለበት፤ ለዚህም መሣሪያ ያስፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ዕቃ ጠፋ ተብሎ ቶርኖ ቤት የሚቆረጠው ፒን ነው። ቶርኒተሩ ልኩን አሳምሮ ያወጣዋል፤ ሲገጠምም ጥብቅ ይላል። ብረቱ ግን ተራ ብረት ነው፤ የፋብሪካው ፒን የሚያልፍበትን የማጠንከሪያ ሙቀት አላገኘም። ገዢ ይህን በቀላሉ ሊፈትን ይችላል፦ ጠንካራ ፒን ላይ ሞረድ ቢጎትቱ ይንሸራተታል፤ ለስላሳው ላይ ይነክሳል። በሶማሌ ተራ "ኦርጅናል" ተብሎ በቆንጆ ካርቶን የሚሸጠውንም በዚሁ መፈተን አይከፋም።

የመሪ ክንድ ወይም የመሪ ዘንግ ተሰነጠቀ ብሎ መበየድን በተመለከተ ክርክር አይኖርም። የብየዳ ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ከብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል፤ የሚሰነጠቅበትን ቀንና ቦታ ደግሞ የሚመርጠው ባለንብረቱ አይደለም። ከዓባይ ድልድይ በላይ ባለው ጥምዝ ላይ ሊሆን ይችላል። በዳዶው ላይ ያለችውን የምታስር ትንሽ ማያዣ አውጥቶ በምትኳ ሚስማር የሚያስገባ ሰውም ከዚህ ወገን ነው። ማያዣዋ ዋጋዋ ከአንድ ሻይ ብዙም አይርቅም፤ የምትጠብቀው ግን መኪናውን ሙሉ ሰዎች ነው። አስገዳጁ የሦስተኛ ወገን ዋስትና የባለንብረቱን የራሱን መኪና እንደማይክስም ማስታወስ ይገባል።

እስካሁን ያልነካነው ሰው ሾፌሩን ነው። በብዙ መስመር ላይ ሾፌር በቀን የተወሰነ ገቢ ለባለንብረቱ አስገብቶ የተረፈውን ለራሱ ይይዛል። በዚህ ውል ውስጥ ግሪስ ለመሙላት የሚባክን ግማሽ ቀን ከሾፌሩ ኪስ ይወጣል፤ ግሪስ ባለመሞላቱ የሚያልቀው ኪንግ ፒን ግን ከባለንብረቱ ኪስ ይወጣል። ታዲያ ሾፌሩ መሪው መንቀጥቀጥ መጀመሩን ለምን ቶሎ ይናገራል? ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ውሉ ዝም በል ስለሚለው ነው። ባለንብረቱ በወር ሁለት ግማሽ ቀን ገቢ ቢምርለት፣ የፊት ጎማዎቹ እኩል እየተበሉ ከታሰበው ጊዜ በላይ ከቆዩ ደግሞ ጥቂት ጉርሻ ቢያስብለት ከማንኛውም ተቆጣጣሪ የተሻለ ውጤት ያገኛል። የፊት ጎማ ውሸት አያውቅም፤ ውስጥ ወይም ውጭ ጠርዙ ብቻ ከተበላ ከላይ ያለው ነገር ተዛብቷል።

መሣሪያ ውድ ነው የሚለው ምክንያት ግማሽ እውነት ነው። ለአንድ ባለንብረት መጭመቂያ ማሽን፣ የቦኮላ መሞረጃና ልክ የሚቆጥር ቁልፍ መግዛት አያዋጣም፤ በዓመት ስንት ጊዜ ይጠቀምበታል? ለአሥር ባለንብረት ግን ያዋጣል። ለሠርግ፣ ለቤት፣ ለሱቅ እቁብ የሚጥል የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ለመጭመቂያ እቁብ የማይጥልበት ምክንያት አይታየኝም። መሣሪያውን በአንድ ግቢ አስቀምጦ አንድ ጥሩ ሜካኒክ በሥራው ልክ እየከፈሉ ቢያሠሩ፣ ወረፋውም የጋራዡ ዋጋም ይለዝባል። ጋራዦቹ ይህን ሲሰሙ ደስ እንደማይላቸው እናውቃለን፤ ፉክክር መቼም አስደስቶ አያውቅም።

በከተማ ሆኖ ያገለገለ ቅጥቅጥ ገዝቶ በመስመር ላይ ለማሰማራት የሚያስብ ኢንቨስተርም ይህ ጉዳይ ይመለከተዋል። ደላላው የሚያሳየው ሞተሩን አስነስቶ፣ ወንበሩን ገልጦ፣ የቦሎውን ወረቀት አውጥቶ ነው። የዓመቱ ምርመራ መኪናው በዚያ ቀን ምን እንደሚመስል ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ሸለቆውን እንደወረደ አይናገርም። ገዢው ክሪክ ይጠይቅ፤ የፊት ጎማዎቹን አስነስቶ ይነቅንቅ፤ ከኪንግ ፒኑ ሥር ትኩስ ግሪስ ብቻ ሳይሆን የቆየ ግሪስ መኖሩንም ይይ። ትኩስ ብቻ ከሆነ ለሽያጭ የተቀባ ነው። በመሪው ክንድና በዘንጎቹ ላይ የብየዳ ጠባሳ ይፈልግ፤ ጠባሳው ከተገኘ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ሳይሆን ዕቃው እስኪለወጥ መጠበቅ ነው። ኮሚሽኑን በሽያጩ ዋጋ ላይ የሚያስበው ደላላ ይህን ፍተሻ ራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ግን ዋጋ ለመከራከር የሚያጠፋው ጊዜ ይቀርለታል። ሻጭም ቢሆን የፊት እግሩን መቼ እንደሠራ፣ የትኛውን ዕቃ ከየት እንደገዛ የሚያሳይ ደብተር ይዞ ገበያ ቢወጣ፣ ወንበር ካለበሰው ጎረቤቱ ይልቅ የጠየቀውን ዋጋ በቀላሉ ያገኛል።