ዝምታም ይነቅዛል

አበው «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እኔ ግን የሕዝብ እንደራሴ ዝምታ ከባቄላ ቀድሞ እንደሚነቅዝ አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በአማራ ክልል ስለተቀሰቀሰው ጦርነት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ደነገገ። በዚያው ሰሞን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለና በእኛው በባሕር ዳር የሚሰየመው የክልል ምክር ቤት አባል አቶ ዮሐንስ ቧያለው ታሰሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከባሕር ዳር የተመረጡት ዶክተር ደሳለኝ ጫኔ ተከተሏቸው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይያዝ ይከለክላል። ምክር ቤቱ ነሐሴ 8 ቀን ዐዋጁን ሊያጸድቅ ተሰበሰበ፤ አጸደቀም። የአቶ ክርስቲያንን ያለመከሰስ መብት ያነሣው ግን ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። ፈቃድ ከድርጊት በፊት የሚጠየቅ ነገር መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

«ጊዜው የጦርነት ነው» የሚል መልስ እሰማለሁ። ጃንጥላ ለበጋ ተሠርቶ ያውቃልን? በሰላም ቀን እንደራሴን ማን ያስረዋል? ደግሞስ ስለ አስቸኳይ ጊዜ የሚናገረው አንቀጽ 93 ራሱ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ የሚገልጽ መርማሪ ቦርድ ያዝዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱ፣ በሃይማኖት አባቱ፣ በሐኪሙና በጠበቃው እንዲጎበኝ መብት ይሰጠዋል። ናፍቆትም በሕግ ተጽፏል ማለት ነው።

አቶ ክርስቲያንና አቶ ዮሐንስ ግን አፋር ውስጥ በሚገኘው በአዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ከርመዋል። በአገራችን እስረኛን የሚቀልበው ቤተሰቡ ነው፤ ስንቅ የሚያቀብለው እጅ ነው የሰውየውን በሕይወት መኖር የሚያረጋግጠው። በነሐሴ 2015 ባሕር ዳር ተኩስ ሲሰማባት፣ በረራ ሲቋረጥባት፣ ኢንተርኔት ሲዘጋባት፣ ከጣና ዳር ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ አዋሽ ድረስ ዘመዱን ሊጠይቅ የሚችል ማን ነበር?

«በጎጃምና በጎንደር ስንቷ እናት ልጇን ቀበረች፤ ወታደሩም ቤተሰብ አለው፤ የእንደራሴው መለየት በምን ይበልጣል?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ወዳጄ ሆይ፣ ምንም አይበልጥም። ባዶ መኝታ የሹምም የገበሬም አንድ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥት በቁጥር ጠቅሶ የከለለው ሰው እንዲህ ከተወሰደ፣ የጣናው ታንኳ ቀዛፊና የዘጌው ቡና ለቃሚ በምን ይከለላሉ? የጨው ገደል ሲናድ ብልኅ ያለቅሳል፤ ሞኝ ይልሳል።

በሽብር ወንጀል የተከሰሱት እንደራሴዎች ጥፋተኛ መሆን አለመሆናቸውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። እኔ ጠበቃቸውም የፓርቲያቸው አባልም አይደለሁም። ያለመከሰስ መብት ግን የእነርሱ ጌጥ ሳይሆን የመራጩ አንደበት ነው። ባለወንበሩ ሲጋዝ የባሕር ዳር ሰው አፍ አብሮ ተለጉሟል።

ወንበር ደግሞ ተራ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከታሰሩት የቅንጅት መሪዎች አንዱ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ፣ በ2015ቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ውስጥ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ትናንት እስረኛ የነበረ ዛሬ ሹም ከሆነ፣ ዛሬ እጁን የሚያወጣ ሹም ነገ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?

እንግዲህ ድምፃችንን ልትጠይቁ ወደ ጣና ዳር የምትመጡ ሁሉ፣ አስፋልትና ድልድይ ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ነገር ንገሩን፤ ከጎናችሁ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ስታገኙት «ባለቤቱ የት ነው? ልጆቹስ አይተውታል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁን? ወይስ እጃችሁን ታወጣላችሁ?