ስለ ሴደም ተክልና ስለ ሻጩ ግዴታ

በሱቅ ደጃፍ፣ በሆቴል መግቢያና በቢሮ መስኮት ላይ በሸክላ የተተከለ አትክልት ማኖር በከተማችን የተለመደ ሆኗል። በዚህም ምክንያት የችግኝና የአበባ ንግድ ለብዙ ሰዎች መተዳደሪያ ለመሆን በቅቷል። ከሚሸጡት አትክልቶች መካከል ቅጠሉ ወፍራምና ውሃ የቋጠረው ሴደም አንዱ ነው። ነገር ግን ይህ ተክል የሚሸጥበት አኳኋን ለገዢውም ሆነ ለነጋዴው የሚበጅ ሆኖ አላገኘሁትም።

ባለፈው ዓመት በክረምቱ መግቢያ ከአንድ የመንገድ ዳር ሻጭ አንድ ሸክላ ሴደም ገዛሁ። ሻጩም «ጧትና ማታ ውሃ ያጠጡት፤ ፍግም አይለዩት» ብሎ በትሕትና አሰናበተኝ። እንደ ቃሉ አደረግሁ። ሐምሌ ሳይጋመስ ግንዱ ከሥሩ ጠቊሮ በሰበሰ። ሻጩ ያን ዕለት የአንድ ሸክላ ዋጋ አትርፏል፤ እኔ ግን ሁለተኛ ወደ እርሱ ዘንድ አልተመለስኩም። እንዲህ ያለው ኪሳራ በሒሳብ መዝገብ ስለማይጻፍ ነጋዴው ሳያውቀው ይኖራል።

ሴደም በየአጥሩ ሥር ከምናውቀው ከእንዳሁላ ጋር አንድ ወገን ነው። በአገራችን ደጋም በዱር የሚበቅሉ የሴደም ዐይነቶች አሉ፤ አንደኛው እንዲያውም በሳይንስ ስሙ በባሌ የተጠራ ነው። የዚህ ወገን ተክሎች ብዙዎቹ የቅጠላቸውን ቀዳዳ በቀን ዘግተው በሌሊት ይከፍታሉ፤ ስለዚህም ውሃቸው በፀሐይ አይባክንም። እንዲህ ቈጣቢ የሆነውን ተክል ጧትና ማታ ማጠጣት ማስጠም ነው። የሚያስፈልገው በቂ ፀሐይ፣ ከታች የተበሳ ሸክላና ውሃ የማይዝ አፈር ነው። እኛም ዘንድ በተለምዶ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ጠጠር ከአፈር ጋር ሲደባለቅ በጣም ይስማማዋል። አፈሩ ፈጽሞ ሳይደርቅ እንደገና አይጠጣም። ፍግ የበዛበት ሴደም ደግሞ ቁመቱ ይረዝማል እንጂ አይጠነክርም፤ በመጨረሻም ይወድቃል።

ከሁሉ ይልቅ የተዘነጋው ግን መከርከሙ ነው። ገዢው የሚያድገውን መቊረጥ ያሳዝነዋል፤ ሻጩም አይነግረውም። በእንግሊዝ አገር አትክልተኞች ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ሴደም በግንቦት መጨረሻ ከሲሶ እስከ እኩሌታ ይቈርጡታል። ለዚህም ሥራ ስያሜ የሰጠው ከ1913 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በለንደን ቼልሲ የሚደረገው የአበባ ትርኢት ነው። የተቈረጠው ተክል ጥቂት ሳምንት ዘግይቶ ቢያብብም፣ ቅርንጫፉ በዝቶና አጥሮ ስለሚቆም ነፋስ አይጥለውም። በእኛ አገር በብዛት የሚያድጉትን፣ መነሻቸው ሜክሲኮ የሆነውንና እንደ አህያ ጅራት የሚንጠለጠለውን የመሳሰሉትን፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በጥቅምት መከርከም ይሻላል፤ ቊስሉ ቶሎ ይደርቃልና። ቊራጩን ሁለት ሦስት ቀን በጥላ አድርቆ በደረቅ አፈር ላይ ቢያቆሙት ሥር ያወጣል። የወደቀች ቅጠል ብቻዋን ስንኳ ሌላ ተክል ትሆናለች።

ሻጩን ዝም የሚያሰኘውም ይኸው ይመስለኛል፤ አንዱ ሸክላ ዐሥር እንደሚሆን ያወቀ ደንበኛ ሁለተኛ አይገዛም ብሎ ይሠጋል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ተክሉ የለማለት ሰው ሌላ ሸክላ፣ ሌላ ጠጠር፣ ሌላም ዐይነት ይፈልጋል፤ የሞተበት ግን እጄ ለአትክልት አይሆንም ብሎ ይተወዋል። በቆቃ አካባቢ ያሉ እርሻዎች ሥር ያላወጣ የአበባ ቊራጭ በአውሮፕላን ወደ አውሮጳ ይልካሉ። እዚያ በገንዘብ የሚሸጠው ከመቀስ የወደቀው ጫፍ ነው። (ለመሸጥ የሚያራባ ሰው ግን በ2009 ዓ.ም. የወጣውን የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 1068ን ይመልከት፤ አዲስ ዝርያ ባለቤት አለው።)

ለአስመጪዎችም አንድ ቃል አለኝ። በአውሮጳ ካታሎግ ላይ ሮዝ አበባው ደምቆ የሚታየው፣ በጀርመናዊው አትክልተኛ በጌኦርግ አሬንድስ የችግኝ ድርጅት በ1955 (እ.ኤ.አ.) ለገበያ የቀረበው ኸርብስትፍሮይደ የተባለው ሴደም፣ በበጋ ቀኑ በሚረዝምበት አገር የሚያብብ ነው። በአዲስ አበባ ግን ከዓመት ዓመት ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ያንን ሥዕል አይቶ ብዙ ከማዘዝ በፊት ጥቂቱን እዚህ ተክሎ መፈተን ይገባል። የውጭ ምንዛሪ አውጥቶ አበባ የማይሰጥ ተክል በአበባው ሥዕል መሸጥ፣ ሻጩ ሳያስበው እንኳ ቢሆን፣ ገዢን ማታለል ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከሸክላው ጋር ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ አፈሩና ስለሚከረከምበት ወር በአማርኛ አራት መስመር የተጻፈበት ወረቀት ይሰጠን። የእኔ ሴደም ከመበስበሱ አስቀድሜ ሦስት ጤነኛ ጫፍ ቈርጬ አድኜ ነበር። አሁን በሬድ አሽ ላይ ቆመው በመስኮቴ ላይ ይታያሉ፤ የፊታችን ጥቅምት መቀስ ይነካቸዋል። ወረቀቱን የሚሰጥ ሻጭ ካገኘሁም አዲስ ሸክላ የምገዛው ከእርሱ ነው።